ጌም የሌለበት የጌም ካርድ፤ ከኦዲሲ እስከ ስዊች 2

ኒንቴንዶ ስዊች 2 በጁን 2025 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ አንድ ክርክር አልበርድ ብሏል። ሰው መደብር ገብቶ የጌም ሳጥን ይገዛል። ሲከፍተው እንደ ድሮው ትንሽ ካርድ ያገኛል። ካርዱን ማሽኑ ላይ ይሰካል። ጌሙ ግን አይከፈትም፤ መጀመሪያ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ለካ ካርዱ ላይ ጌሙ የለም። ያለው ለማውረድና ለመጫወት የሚያስችል ፈቃድ ብቻ ነው።

ኒንቴንዶ ይህን ዓይነቱን ካርድ «ጌም-ኪ ካርድ» ይለዋል፤ የጌም ቁልፍ እንደ ማለት ነው። ነገሩ ከታወቀ በኋላ ወሬው በሦስት ተከፈለ። አንዳንዱ «ባዶ ፕላስቲክ ሸጡልን» አለ። ሌላው «ሁሉም ነገር በኢንተርኔት በሆነበት ዘመን ምን ያስገርማል?» አለ። ሦስተኛው ወገን እንዲህ ያለ ነገር በጌም ታሪክ ታይቶ አይታወቅም ብሎ ደመደመ።

ሦስተኛው ተሳስቷል። ሁለቱ ግን የየራሳቸው እውነት አላቸው። ነገሩን በቅጡ ለማየት ወደ 1972 መመለስ ያስፈልጋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ካርዱ ላይ የሚቀመጠው ነገር ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በተቀያየረ ቁጥር ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባና ጌሙ የማን እንደሆነም አብሮ ተቀይሯል።

ጌም-ኪ ካርድ እንዴት ይሠራል?

ለስዊች 2 የሚሸጡ ሳጥኖች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ጌሙ ሙሉ በሙሉ ካርዱ ላይ ያለበት ነው። የኒንቴንዶ የራሱ «ማሪዮ ካርት ወርልድ» እንዲህ ነው። «ሳይበርፐንክ 2077»ም በ64 ጊጋባይት ካርድ ላይ ተጠቃሎ ወጥቷል። ሁለተኛው ጌም-ኪ ካርድ ነው፤ «ስትሪት ፋይተር 6» የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ካርድ የለም። ወረቀት ላይ የታተመ ኮድ ብቻ ነው ያለው።

ሰው የሚያምታታው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው። ኮድ አንድ ጊዜ ከገባ አበቃ። ከአንድ ሰው አካውንት ጋር ይታሰራል፤ መሸጥም ማዋስም የለም። ጌም-ኪ ካርድ ከአካውንት ጋር አይታሰርም። መጀመሪያ ሲሰካ ኢንተርኔት ይፈልጋል። የወረደው ጌም የማሽኑን ማከማቻ ይይዛል፤ ስዊች 2 ይዞት የሚመጣው 256 ጊጋባይት ነው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ ካርዱ ግን ሁልጊዜ መሰካት አለበት። ካርዱን ለጓደኛችሁ ካዋሳችሁት እሱም አውርዶ ይጫወታል። እናንተ ጋ የቀረው ጌም ካርዱ እስኪመለስ ድረስ አይከፈትም። ሰከንድ ሃንድ መሸጥም ይቻላል።

ስለዚህ «ባዶ ፕላስቲክ» የሚለው ስም ትንሽ ያጋንናል። ካርዱ ላይ ዋጋ ያለው ነገር አለ፤ እሱም መብት ነው። ጣጣው መብቱ ብቻውን አለመጫወቱ ነው። ወዲያ ማዶ ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሉን የሚልከው የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ሥራ ላይ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ካርድ ላይም ጌም አልነበረም

ራልፍ ቤር በ1938 በአሥራዎቹ ዕድሜ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ መሐንዲስ ነው። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሳንደርስ አሶሺየትስ በሚባል የመከላከያ ኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ይሠራ ነበር። በ1966 በቤት ቲቪ ላይ ጨዋታ ስለመጫወት አራት ገጽ ሐሳብ ጻፈ። ሐሳቡ ከዓመታት ሙከራ በኋላ በ1972 ማግናቮክስ በሚባል ኩባንያ በኩል ኦዲሲ ሆኖ ወጣ። ለቤት ተብሎ የተሸጠ የመጀመሪያው ኮንሶል፣ ማለትም ከቲቪ ጋር የሚገናኝ የጌም ማሽን፣ ይህ ነው።

ኦዲሲ ውስጥ ማይክሮፕሮሰሰር የለም። ማይክሮፕሮሰሰር ትእዛዝ እያነበበ የሚሠራ፣ አንድ ቺፕ ላይ የተጠቃለለ የኮምፒውተር አእምሮ ነው። ኦዲሲ ያለው የትራንዚስተርና የዳዮድ ሰርኪዩት ብቻ ነበር። ቲቪው ላይ ማሳየት የሚችለው ጥቂት ነጭ ነጥቦችንና አንድ መስመር ነው። ድምፅ የለውም፤ ቀለም የለውም። ነጥብ እንኳ አይቆጥርም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይቆጥሩ ነበር። የቴኒስ ሜዳ የተሳለበት ስስ ፕላስቲክ ስክሪኑ ላይ ይለጠፋል፤ ነጩ ነጥብ ከሥሩ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ዳይስና የመጫወቻ ብር ሳይቀር ነበረበት።

ጨዋታ ለመቀየር ካርድ ይቀየራል። ከማሽኑ ጋር 6 ካርዶችና 12 ጨዋታዎች ይመጡ ነበር። እዚህ ቁጥር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጨዋታው ካርዱ ላይ ቢሆን ኖሮ ካርዱም 12 በሆነ ነበር። ካርዱ የሚሠራው ሥራ ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ሰርኪዩቶች ማገናኘት ብቻ ነው። ይሄኛው ሲሰካ እነዚህ ይገናኛሉ፤ ያኛው ሲሰካ ሌሎቹ። ያንኑ ካርድ እንደ ተሰካ ትቶ የተለጠፈውን ሥዕልና የጨዋታውን ሕግ መቀየር አዲስ ጨዋታ ይሰጣል። ጨዋታው ማሽኑ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ላይና መመሪያው ላይ ተበታትኖ የተቀመጠ ነበር።

እንግዲህ በቤት ጌም ታሪክ የመጀመሪያው ካርድ ላይ ጌም አልነበረም። ከ2025ቱ ጋር ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የኦዲሲ ካርድ የሚያስነሳው ነገር እዚያው ሳሎን፣ ገዢው ከፍሎ በወሰደው ዕቃ ውስጥ ነበር። የአሁኑ ካርድ የሚከፍተው ነገር ያለው ኩባንያው ጋ ነው።

ጌሙ ካርትሪጅ ውስጥ ሲገባ

ከኦዲሲ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ማሽኖች ጨዋታቸው አብሯቸው የተሠራ ነበር። ቴኒሱ ከሰለቸ ሌላ ማሽን መግዛት ነው። ይህን የቀየሩት ሰዎች ስም በኢንተርኔት ወሬ ላይ በጣም ተምታቷል። ብዙ ሰው የአሜሪካው የጌም ኩባንያ አታሪ ነው ይላል። ሌሎች ደግሞ ጄሪ ላውሰን ብቻውን ፈጠረው ይላሉ። እውነቱ ትንሽ ሰፋ ይላል።

ጌሙን በሮም ቺፕ ላይ አድርጎ ነቅሎ የመሰካቱ ሐሳብ የመጣው አልፔክስ ከሚባል ትንሽ የኮኔቲከት ኩባንያ ነው። ዋላስ ኪርሽነርና ላውረንስ ሃስኬል የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች ሙከራውን ሠርተው ገዢ ፈለጉ። ሮም ማለት ፋብሪካ ላይ የተጻፈበትን ብቻ የሚያስነብብ፣ ኃይል ቢቋረጥም የማይጠፋ ሚሞሪ ነው። ገዢ ሆኖ የመጣው የካሊፎርኒያው ቺፕ አምራች ፌርቻይልድ ነበር። ብሩክሊን የተወለደው ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ጄሪ ላውሰን ሥራውን እንዲመራ ተደረገ። ላውሰን ማሽኑን በኢንቴል ቺፕ ፈንታ በፌርቻይልድ የራሱ ኤፍ8 ማይክሮፕሮሰሰር ላይ እንዲሠራ አደረገ። መሰኪያውንና ማቀፊያውን የነደፉት ሮን ስሚዝና ኒክ ታሌስፎር ናቸው። አታሪ ቪሲኤስ የተባለውን ማሽን ያወጣው የፌርቻይልዱ ከወጣ ከዓመት በኋላ፣ በ1977 ነው።

ሐሳቡ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳን ነቅሎ መሰካት የፋብሪካ ሰው ሥራ ነበር። አሁን ዕቃው የሰባት ዓመት ልጅ እጅ ሊገባ ነው። ምንጣፍ ላይ ሲንፏቀቅ የቆየ ልጅ በጣቱ የሚያመጣው የማይታይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቺፕ ይገድላል። መሰኪያው ከብዙ መንቀልና መሰካት በኋላ ያልቃል። በተቃራኒ ሊሰካም ይችላል። መልሱ የያኔውን የመኪና ቴፕ ካሴት የሚያክል ቢጫ ማቀፊያ ሆነ፤ የብረት መገናኛዎቹም በክዳን ተሸፈኑ። በዚያ ላይ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ማሽኑ የቲቪና የሬዲዮ ሞገድ እንዳይረብሽ ጥብቅ ነበር፤ የውስጡን ክፍል በብረት መሸፈን ግድ ሆነ። ብዙዎቻችን በደፈናው ካሴት የምንለው ካርትሪጅ የተወለደው እንዲህ ነው።

ማሽኑ ቻናል ኤፍ ተብሎ በኖቬምበር 1976 በ169.95 ዶላር ወጣ። ጨዋታውን ባለበት የሚያቆም ቁልፍም ነበረው። ዛሬ ፖዝ የምንለው ነገር በቤት ማሽን ላይ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ካርትሪጆች 2 ኪሎባይት ያህል ነበር የሚይዙት። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 2 ኪሎባይት ላይ የሚገባው ከ700 የማይበልጥ ፊደል ነው። የዚህ ጽሑፍ መግቢያ ራሱ አይገባበትም። አታሪ ቪሲኤስ ደግሞ ለጊዜያዊ ሥራ የነበረው ሚሞሪ 128 ባይት ነበር፤ 42 ፊደል መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ታንክ፣ አውሮፕላንና ቦምብ ያስኬዱ ነበር።

ክብሩ ለማን ይሰጥ ለሚለው፣ የእኔ ሚዛን ይህ ነው፤ ሐሳቡ የአልፔክስ፣ ሐሳቡን ሕዝብ የሚገዛው ዕቃ ያደረገው ላውሰን የመራው ቡድን። ላውሰን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆይቷል። የዓለም አቀፍ የጌም ሠሪዎች ማኅበር ያከበረው በማርች 2011 ነበር። በወሩ በኤፕሪል አረፈ።

ገበያው ተከፈተ፣ ከዚያም ተቆለፈ

ጌሙ ከማሽኑ ሲለይ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ማሽኑን ያልሠራ ሰው ጌም መሥራት ቻለ። በ1979 አራት የአታሪ ፕሮግራመሮች ከደመወዝና ከስም ጋር በተያያዘ ቅሬታ ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። አታሪ ከሰሰ። ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ አክቲቪዥን ለአታሪ ድርሻ እየከፈለ መሥራቱን ቀጠለ። በሩ እንደ ተከፈተ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ገባ። መደብሩ በማይረባ ጌም ተጥለቀለቀ። በ1983 የአሜሪካ ገበያ ተንኮታኮተ። አታሪ ያልተሸጠ ካርትሪጅ በኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረ። ይህ ለዓመታት ተረት ይመስል ነበር፤ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ።

የመውደቁ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም፤ የቤት ኮምፒውተር ፉክክርም ነበረበት። ኒንቴንዶ ግን አንድ ትምህርት ይዞ መጣ፤ ማን ጌም እንደሚሠራ መቆጣጠር አለብኝ የሚል። በ1985 ኤንኢኤስ የተባለውን የቤት ማሽኑን አሜሪካ ሲያስገባ ማሽኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ቺፕ፣ እያንዳንዱ ካርትሪጅ ውስጥ ደግሞ ወንድሙን አስቀመጠ። ማሽኑ ሲበራ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስሌት እየሠሩ ይወራረዳሉ። ካልተስማሙ ማሽኑ በየሰከንዱ እንደ አዲስ ይነሳል። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም።

የሚያስቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚለው ጌሙ ሕገወጥ ሆኖ አልነበረም። ካርትሪጁ ከፊት ገብቶ ወደ ታች የሚጫንበት ባለ 72 ጣት መሰኪያ ቶሎ ይላላ ነበር። ጣቶቹ ካልነኩ ቺፖቹ አይነጋገሩም። ልጆች ካሴቱን አውጥተው እፍ ብለው ሲመልሱት ይሠራል። የሚሠራው ግን ስለ ተነፋ አልነበረም፤ ተነቅሎ እንደ ገና ስለ ተሰካ ነው። የአፍ እርጥበት እንዲያውም ብረቱን ያበላሻል፤ ኒንቴንዶም አትንፉ ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። ማን ይሰማል?

በዚህች ቺፕ ኒንቴንዶ ገበያውን እጁ አስገባ። ካርትሪጁን የሚያመርተው እሱ ብቻ ሆነ። ፈቃድ ያለው ኩባንያ እንኳ በዓመት ከ5 ጌም በላይ እንዳያወጣ ገደበ። ቴንጀን በሚለው ስም ጌም ያወጣ የነበረው አታሪ ጌምስ የቺፑን ኮድ ከአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በሐሰት ምክንያት አስወጥቶ ተመሳሳይ ቺፕ ሠራ። በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለኒንቴንዶ ፈረደ።

ከዚያ ወዲህ ካርትሪጅ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ጌሙና ቁልፉ። በ2025 የሆነው ጌሙ ወጥቶ ቁልፉ ብቻ መቅረቱ ነው። ቁልፉ አዲስ አይደለም፤ አርባ ዓመት ሆኖታል።

በእጅ የሚያዙት ጌሞች ሁለቱን ጫፍ ሞክረዋል

በ1979 ሚልተን ብራድሊ ማይክሮቪዥን የሚባል በእጅ የሚያዝ ማሽን አወጣ። ካርትሪጅ የሚቀየርለት የመጀመሪያው የእጅ ጌም ነው። ስክሪኑ 16 በ16 ነጥብ ብቻ ነበር። የሚገርመው ማሽኑ ውስጥ ፕሮሰሰር አልነበረም። ፕሮሰሰሩ በየካርትሪጁ ውስጥ ነበር። ከኦዲሲ ፍጹም ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር ማሽኑ ውስጥ፣ እዚህ ሁሉም ነገር ካርዱ ላይ። ውጤቱ ጥሩ አልነበረም። ገዢው በየጌሙ ለፕሮሰሰርም ይከፍላል። የተጋለጡት እግሮች በእጅ ሲነኩ ቺፑ ይቃጠል ነበር። ስክሪኑም ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል።

አሸናፊው መሐል ላይ ቆመ። የ1989ኙ ጌም ቦይ ፕሮሰሰሩን ማሽኑ ውስጥ፣ ጌሙን ካርትሪጁ ላይ አደረገ። ከኋላው የነበረው ጉንፔ ዮኮይ ያረጀና የረከሰ ቴክኖሎጂን ለአዲስ ነገር መጠቀም የሚያምን ሰው ነበር። የጌም ቦይ ስክሪን አራት ደረጃ ግራጫ እንጂ ቀለም የለውም፤ መብራትም የለውም። በዚያው ዓመት የወጣው አታሪ ሊንክስ ባለ ቀለም፣ ባለ መብራት ነበር። ነገር ግን ስድስት ድንጋይ ጎርሶ ከአራት አምስት ሰዓት በላይ አይሄድም። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከእጥፉ በላይ ይሄዳል፤ ዋጋውም ግማሽ ነበር። ጌም ቦይና ተከታዩ ጌም ቦይ ከለር ተደምረው 118 ሚሊዮን ከዚያ በላይ ተሸጠዋል።

ካርትሪጁም ጌም ከመያዝ አልፎ ሄደ። ማሽኑ የሌለውን ነገር በካርትሪጅ መጨመር ተቻለ፤ ጌም የት እንደ ደረሰ የሚያስቀምጥ ባትሪ፣ ተጨማሪ ቺፕ፣ በ1998 ካሜራ ሳይቀር።

ማውረድም የዛሬ አይደለም

በ1981 ማቴል ኢንቴሊቪዥን ለሚባለው ማሽኑ በኬብል ቲቪ መስመር ጌም የሚያስወርድ ፕሌይኬብል የተባለ አገልግሎት ጀመረ። በ1983 ደግሞ ጌምላይን መጣ፤ አታሪ ላይ የሚሰካ፣ በስልክ መስመር ጌም የሚያወርድ ካርትሪጅ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ጌሙም ይጠፋል። ጌምላይን ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ከፍርስራሹ የወጡት ሰዎች ግን በኋላ ኤኦኤል የሆነውን የኢንተርኔት ኩባንያ መሠረቱ።

ለዛሬው ክርክር የሚጠቅመው ግን የጃፓኑ ነው። ኒንቴንዶ በ1986 ለፋሚኮም፣ ማለትም ለኤንኢኤስ የጃፓን ቅጂ፣ የዲስክ ማጫወቻ አወጣ። ከዚያ መደብሮች ውስጥ የዲስክ መጻፊያ ማሽን አስቀመጠ። ልጁ የሰለቸውን ጌም ዲስክ ይዞ ይሄዳል፤ 500 የን ይከፍላል፤ ሌላ ጌም ተጽፎለት ይመለሳል። አገልግሎቱ እስከ 2003 ቆይቷል። አንዴ የተጻፈው ዲስክ ከዚያ በኋላ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጌምላይንም የዲስክ መጻፊያውም ለየጌሙ አዲስ ካርትሪጅ ሳይሸጡ ጌም አቅርበዋል። ልዩነቱ ጌሙ በመጨረሻ የት ያርፋል የሚለው ላይ ነው። ጌም-ኪ ካርድ ከሁለቱ መካከል ይቀመጣል።

ኩባንያዎቹ ለምን መረጡት?

ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። 64 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድ ማምረት ውድ ነው፤ ከዲስክ ጋር ሲተያይ ደግሞ በጣም ውድ። ጌም-ኪ ካርድ ግን ትንሽ መረጃ ብቻ ይይዛል። ይህ ፀብ ኒንቴንዶን ሲያገኘው የመጀመሪያው አይደለም። በ1996 ኒንቴንዶ 64 የተባለው ማሽኑ በካርትሪጅ ቀጠለ፤ በኋላ የመጣው ትልቁ ካርትሪጁ እንኳ 64 ሜጋባይት ነበር፤ ሲዲ ግን 650 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ዋጋውም እጅግ ርካሽ ነው። የጃፓኑ ጌም አሳታሚ ስኩዌር «ፋይናል ፋንታሲ 7»ን ይዞ ወደ ፕሌይስቴሽን ሄደ፤ ጌሙ በ1997 በሦስት ሲዲ ወጣ። ኒንቴንዶ ያን ጊዜ አሳታሚዎችን አጣ። ጌም-ኪ ካርድን እንደ መልስ ማየት ይቻላል፤ ካርዱ ከከበዳችሁ ቁልፉን ብቻ ሽጡ፣ ብቻ እኔ ጋ ኑ።

ሁለተኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። የ«ስታር ዎርስ አውትሎውስ» ሠሪዎች ትልቁ ዓለም እየተጫወቱ ከማከማቻ የሚጫን ስለሆነ የካርዱ የማንበብ ፍጥነት አልበቃንም ብለዋል። ይህ ለአንዳንድ ጌም እውነተኛ ችግር ነው። ከ64 ጊጋባይት በጣም ያነሱ ጌሞች ጭምር በቁልፍ ካርድ ሲወጡ ስናይ ግን ፍጥነት ሁሉንም አያስረዳም። ወደ ወጪው ነው የሚመልሰን።

የሚቃወሙትና ያልተነገረው ጎን

የተቃዋሚዎቹ ዋና ነጥብ ሰርቨር ዘላለም አይኖርም የሚል ነው። ምሳሌም አላቸው። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጌም ሰርቨሩ በማርች 2024 ሲዘጋ ዲስኩን የገዛውም ሰው መጫወት አልቻለም። ከዚያ የተነሳው «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የተባለ የአውሮፓ የዜጎች አቤቱታ በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ገዢው የሚያገኘው ባለቤትነት ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩ አስገድዳለች። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከወጡ የድሮ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም።

ይህ ሁሉ ያሳስባል። ሆኖም በካርትሪጅ ናፍቆት የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም። የ1980ዎቹ ካርትሪጆች ውስጥ ያለው ማስቀመጫ ባትሪ ያልቃል፤ ልጅነቱን ሙሉ የደከመበት ጨዋታ አብሮ ይጠፋል። አሁን የሚሠሩት ካርዶች የሚጠቀሙት ፍላሽ ሚሞሪ እንደ ድሮው ሮም ፋብሪካ ላይ ለዘላለም የተቀረጸ አይደለም። ሙሉ ጌም የያዘ ካርድም ቢሆን ብዙ ጊዜ በወጣበት ቀን ማስተካከያ ከኢንተርኔት ይወርድለታል። «ሙሉ» የሚለው ቃል ራሱ የድሮውን ያህል ሙሉ አይደለም።

ለእኔ የኮዱ ሳጥን ከጌም-ኪ ካርድ ይብሳል። ቁልፍ ካርዱ ቢያንስ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ነገር ግን ከሙሉ ካርድ እኩል ዋጋ መሸጡ ተገቢ አይመስለኝም። ገዢው ማከማቻውንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ የመዘጋቱን ስጋትም ራሱ ነው የተሸከመው።

እኛ ጋ ሲደርስ

አገር ቤት ጌም በብዛት የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ በየሰፈሩ ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶችና ከውጭ በሚመጣ ሻንጣ። ሁለቱም ከእጅ ወደ እጅ በሚሄድ ዕቃ ላይ የቆሙ ናቸው። በሞባይል ዳታ አሥር ሃያ ጊጋባይት ማውረድ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። መብራት መሐል ላይ ሲሄድም ማውረዱ ይቆማል።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለወንድሟ ልጅ ስዊች 2 የምትልክ አክስት ልታየው የሚገባት ነገር ሳጥኑ ላይ አለ። ጌም-ኪ ካርድ ከሆነ የፊት ሽፋኑ ግርጌ ላይ ጌሙ መውረድ እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ይገኛል። የሚወርደው መጠንም ተጽፏል። ማውረዱን እዚያው ጨርሳ ማሽኑን ከነካርዱ ብትልክ ልጁ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይችላል። ለብቻው የተላከ ካርድ ግን አገር ቤት ከደረሰ በኋላ ማውረድ ይጠብቀዋል።

ከዚህ በኋላ

ቁልፍ ካርዱ ይጠፋል ብዬ አልገምትም። የሚሞሪ ዋጋ እስካልረከሰ ድረስ ሌሎች አሳታሚዎች ይመርጡታል። ኒንቴንዶ ትልልቅ ጌሞቹን በሙሉ ካርድ ማውጣቱን ቢቀጥል መደብሩ ውስጥ ሁለት ደረጃ ያለው ገበያ ይፈጠራል። ሰከንድ ሃንድ ገበያው ልዩነቱን ቀድሞ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር የቁልፍ ካርዱ ዋጋ ይወርዳል።

ሰርቨሩ መቼ ይዘጋል የሚለውን ኒንቴንዶ አልተናገረም። የቀደሙትን ማየት ግን ይቻላል። ዊ የተባለው የቀድሞ ማሽኑ የኢንተርኔት መደብር በ2006 ተከፍቶ በ2019 ተዘጋ። በእጅ የሚያዘው የ3ዲኤስ ማሽኑ መደብር በ2011 ተከፍቶ በማርች 2023 መሸጥ አቆመ፤ ቀድሞ የተገዛውን ማውረድ ግን ከዚያ በኋላም አልተከለከለም። ሁለቱም ለሽያጭ ክፍት ሆነው የቆዩት 12 ዓመት ያህል ነው። ስዊች 2 ተመሳሳይ ዕድሜ ቢያገኝ ጥያቄው የሚነሳው በ2037 ገደማ ነው።